ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ

ዛሬ ከለመድነው ርእስ ወጣ ብዬ ስለ መኪና ልጽፍላችሁ ነው። «ይህ ሰው ፖለቲካው ሰልችቶት ጋራዥ ገባ እንዴ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ጋራዥ ገብቼ ነበር። ይሁን እንጂ ከፖለቲካው ማምለጥ አልቻልኩም፤ ቀድሞኝ ገብቶ ከመኪናዬ ሥር አገኘሁት። እንዴት እንደሆነ በትዕግሥት ካነበባችሁልኝ እነግራችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድሜ ላስታውስ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ሰንበት፣ እዚሁ ቨርጂንያ ውስጥ ነው። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን እየወጣ ነበር። ነጠላ ያጣፉ እናቶች በመኪና ማቆሚያው መካከል ቆመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ልጆች ይሯሯጣሉ። እኔም መኪናዬን አስነሥቼ፣ ግራ ቀኙን አይቼ፣ የኋላውን በመስታወት ተመልክቼ፣ ፊት ለፊቴም ባዶ አስፋልት መሆኑን አረጋግጬ እግሬን ከፍሬኑ ላይ ላነሣ ስል አንዲት እናት ሁለት እጆቿን ዘርግታ እየጮኸች ወደ እኔ ሮጠች። «ኧረ ቁም! ኧረ ልጅ አለ! ልጅ!» ፍሬኑን አጥብቄ ረገጥኩት። ከፊቴ የሚታየኝ ግን አሁንም ባዶ አስፋልት ነበር።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ከመኪናዋ አፍንጫ አንድ ሜትር ያህል ርቆ አንድ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ቁጢጥ ብሎ የተበተነበትን ዳቦ ቆሎ አንድ በአንድ ይለቅማል። ቀና ብሎ አየኝና እጁን ዘረጋልኝ፤ ከቆሎው ሊያካፍለኝ ነው። እናትየዋ ልጁን አንሥታ አቀፈችውና ወደ እኔ ዞራ «እግዚአብሔር አተረፈህ» አለችኝ። ልብ በሉ፤ «አተረፈው» አላለችም፤ «አተረፈህ» ነው ያለችኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

መኪናዋ በዚህ አገር «ኤስ ዩ ቪ» ከሚባሉት፣ ከእነርሱም መካከል የቅንጦት ከሚባሉት አንዷ ናት። ሁለተኛ እጅ ብትሆንም ወንበሯ ቆዳ ነው፣ ሞተሯም ጉልበተኛ ነው። የማን ሥራ እንደሆነች መናገር ለነገራችን አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ቁመቷ ነው። ለብዙ ዓመታት በዝቅተኛ አውቶሞቢል ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝና የመጀመሪያ ቀን ከወንበሯ ላይ ስወጣ የተሰማኝን ልናዘዝ፤ የተሾምኩ ነው የመሰለኝ! አገር ቤት ሳለን አቧራ እያለበሰን ያልፍ የነበረው ላንድክሩዘር፣ በኋላም ስሙ ብቻውን የሥልጣን ምልክት የሆነው «ቪ ኤይት» ጥቁር መስታወቱን ዘግቶ ሲያልፍ ውስጡ ያለውን ሰው ባናየውም «ከፍ ያለ ሰው» መሆኑን አንጠራጠርም ነበር። ቋንቋችንም የሚያግዘን ይኸንኑ ነው። የተከበረው «ከፍተኛ»፣ ያልተከበረው «ዝቅተኛ» ይባላል፤ የናቅነውንም ሰው «ዝቅ አድርገን» እናየዋለን። እኔም በስደት አገር በወርኀዊ ክፍያ የገዛሁት ይህንኑ ከፍታ ነበር። ያ ሕፃን ግን የከፍታዬን ዋጋ በአንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ አሳየኝ።

በሳምንቱ ወደ አንድ መካኒክ ወዳጄ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ ታላቄ ናቸው። ሞያውን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ተምረው አሁን እዚህ አሌክሳንድርያ ከተማ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራሉ። «ጋሼ፣ ይህችን መኪና ዝቅ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ሳቁ። «ይኼ እኮ የጎረምሳ ነገር ነው፤ በዚህ ዕድሜህ ምን ነካህ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ሳቃቸውን ተዉት። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ዝቅስ አደርጋታለሁ። የምትፈልገውን ነገር ግን ታገኝበታለህ ብዬ ቃል አልገባልህም» አሉኝ። እኔ ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር አልሰማሁትም። መጽናናት የሚፈልግ ሰው የሚሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እስኪ ስለ ሞላ ጥቂት ልበል። የመኪናው አካል ከነተሳፋሪው የሚያርፈው በየጎማው በኩል በቆመ የብረት ጥቅልል ላይ ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው ሞላ የሚጨመቀው በተጫነበት ኃይል ልክ ነው፤ ሸክሙ እጥፍ ሲሆን መጨመቁም እጥፍ ይሆናል። መኪናን ዝቅ ለማድረግ ቀላሉ መንገድ የፋብሪካውን ሞላ አውጥቶ በአጭር ሞላ መተካት ነው። ነገር ግን አጭር መሆኑ ብቻውን አይበቃም። መኪናው ወደ መሬት በቀረበ መጠን ሞላው የሚጨመቅበት ቦታ ያንሳል፤ ስለዚህ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኘው አካሉ ወርዶ እንዳይመታ አዲሱ ሞላ ከቀድሞው የጠነከረ መሆን አለበት። ገንዘብ ለማዳን ሲሉ የድሮውን ሞላ በመጋዝ ቆርጠው የሚያሳጥሩ አሉ፤ የተቆረጠው ጫፍ ግን በመቀመጫው ላይ በደንብ ስለማያርፍ ትርፉ አደጋ ነው። ጋሼ ይህን ሲያስረዱኝ «ማሳጠር ሌላ፣ አጭር አድርጎ መሥራት ሌላ» አሉኝ።

ያዘዝኩት ሞላ ጀርመን ሠራሽ ነው። በዚህ ሞያ ስማቸው የገነነው አይባክ እና ኤች ኤንድ አር ሁለቱም የሚገኙት በምዕራብ ጀርመን፣ ዛወርላንድ በተባለው ኮረብታማ አካባቢ፣ ፊነንትሮፕ እና ሌነሽታት በሚባሉ ጎረቤት ከተሞች ነው። ጀርመኖች መኪናህን በገዛ ፈቃድህ ዝቅ አድርገህ መንገድ እንድትወጣ አይፈቅዱልህም። ሞላው የምርመራ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል፤ ብዙውን ጊዜም ከተገጠመ በኋላ በባለሞያ ታይቶ በመኪናው ሰነድ ላይ ይመዘገባል። አንድ መንግሥት በዜጋው መኪና ሦስት ሳንቲ ሜትር ላይ ይህን ያህል መጨነቁ መጀመሪያ ላይ አስቆኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም።

ሥራው የተሠራው በአንድ ቅዳሜ ነው። ጋሼ አስቀድመው የመኪናዋን ቁመት በሜትር ለክተው በወረቀት ጻፉልኝ። ከዚያም በክሪክ አነሧት፣ ጎማዎቹን ፈቱ፣ ሾክ አብዞርበሩን ከነሞላው አወጡ። ሞላውን ለማላቀቅ በመጀመሪያ በመጭመቂያ መሣሪያ ማፈን ያስፈልጋል። እኔ ለማየት ጠጋ ስል ክንዴን ይዘው ወደ ጎን አደረጉኝ። «የታፈነ ሞላ ፊት አይቆምም። መሣሪያው ካመለጠው ሰው ይገድላል» አሉኝ። የዚህ ገጽ አንባቢ ይህን ቃል ለራሱ መተርጎም ስለማያቅተው አልፈዋለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ የመጨረሻው ሥራ ነው። አዲሶቹ ሞላዎች ከገቡ በኋላ ላስቲክ ያለባቸውን ቡሎኖች ወዲያው አላጠበቋቸውም። መኪናዋን መሬት ላይ አውርደው ሙሉ ክብደቷ በጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ ነው ያጠበቋቸው። ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ ላስቲኩ ዕድሜውን ሙሉ ተጠማዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። ቀጥሎ አላይመንት ተሠራ፤ መኪና ዝቅ ሲል ጎማው ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ሳይስተካከል ከተነዳ የውስጥ ጠርዙ ተበልቶ ያልቃል። የፊት መብራቱም ዳግመኛ ተስተካከለ። እንግዲህ ሦስት ሳንቲ ሜትር ብሎ መናቅ አይገባም። አንዱን ነገር ዝቅ ስታደርግ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ አብሮ መስተካከል አለበት።

መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ወደ 95 አውራ ጎዳና በሚያስገባው ኩርባ ላይ ቀድሞ እንደ ጀልባ ታዘነብል የነበረችው መኪና አሁን ቀጥ ብላ ዞረች። ይህ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የመኪናን የመገልበጥ ዝንባሌ ሲመዝን በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት ወስዶ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ያካፍለዋል። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር መኪናው ለመገልበጥ የቀረበ ነው። ብዙዎቹ አውቶሞቢሎች ከ1.30 እስከ 1.50፣ ኤስ ዩ ቪዎች ደግሞ ከ1.00 እስከ 1.30 ያገኛሉ። ለምሳሌ ስፋቱ 160፣ የክብደት ማዕከሉ ከፍታ 70 ሳንቲ ሜትር ለሆነ መኪና ውጤቱ 1.14 ነው። ማዕከሉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል 1.19 ይሆናል።

አሜሪካኖች ይህን ሒሳብ የተማሩት በደም ነው። በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን እንዲመለሱ አስጠራ፤ ብዙዎቹ የተገጠሙት በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ ነበር። ጎማው ሲላጥ ከፍ ያለው መኪና እየተገለበጠ፣ በመንግሥት ቆጠራ ከ270 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኮንግረሱ በዚያው ዓመት አዲስ ሕግ አወጣ። መኪና እንዳይንሸራተትና እንዳይገለበጥ የሚረዳው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያም ከ2012 ሞዴል ጀምሮ ለአዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ግዴታ ሆነ። እነዚህ ሁሉ ግን ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ለማዳን የወጡ ናቸው። ውጭ ቁጢጥ ያለውስ?

ከዚያ በኋላ ነው «ይህች መኪና መጀመሪያውኑ ማን ከፍ አደረጋት?» ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። «ገዢው ስለወደደ ነው» ይባላል። እኔም ወድጄ ነው የገዛሁት፤ አልክድም። ነገር ግን ወደ ሕጉ መለስ ብለን ብናይ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1975፣ የአሜሪካ ኮንግረስ የነዳጅ ቁጠባ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት አውቶሞቢልና «ቀላል የጭነት መኪና» የተለያየ መለኪያ ተሰጣቸው፤ ለጭነት መኪናው ሸክሙ ቀለል አለለት፤ ገበሬውና አናጢው እንዳይጎዱ ተብሎ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አውቶሞቢሎች በአማካይ በአንድ ጋሎን 27.5 ማይል እንዲሄዱ ሲጠየቅ ከጭነት መኪኖች የሚጠበቀው 20.7 ብቻ ነበር። ታዲያ የቅንጦት መኪና እንዴት የጭነት መኪና ተብሎ ይቆጠራል? አንዱ መንገድ ከመንገድ ውጭ መሄድ የሚችል መሆኑን ማሳየት ነው። ደንቡ ከሚዘረዝራቸው መስፈርቶች አንዱ በመኪናው ሆድና በመሬት መካከል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ መኖር ነው። ያንብቡትና ይፍረዱ! ከፍታው በደንብ ውስጥ በሳንቲ ሜትር ተጽፎ ይገኛል።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። በ2003 የወጣው የግብር ሕግ አነስተኛ ነጋዴ ለሥራው የሚገዛውን ዕቃ ዋጋ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ በዚያው ዓመት ከገቢው ላይ እንዲቀንስ ፈቀደ። ከነጭነቱ ከ6,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ኤስ ዩ ቪም በዚህ ውስጥ ይካተት ነበር። ለእርሻ መኪና የታሰበው ቅናሽ ለሐኪሙና ለጠበቃው የቅንጦት መኪና መግዣ ሆነ። በ2004 ለኤስ ዩ ቪ ወደ 25,000 ዶላር ዝቅ እስኪደረግ ድረስ ትልቁን የገዛ ከትንሹ ገዢ ይልቅ ተጠቃሚ ነበር።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። በካሊፎርንያ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ወጣቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪናቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቀለም ቀብተው፣ በዝግታ መንዳትን ባህላቸው አድርገውት ነበር። ድሀ ሰፈር የተወለደ ወጣት አሮጌ መኪና ገዝቶ «እኔም አለሁ» የሚልበት መንገድ ነበር። ግዛቱ ከ1958 ጀምሮ የመኪናው አካል ከቸርኬው የታችኛው ጠርዝ በታች እንዳይወርድ በሕግ ከለከለ። በ1959 ሮን አጊሬ የተባለ መኪና አስጊያጭ በሃይድሮሊክ ኃይል ከፍና ዝቅ የሚል መኪና ሠራ፤ ፖሊስ ሲመጣ ከፍ፣ ሲያልፍ ዝቅ! ያ ክልከላ የተሻረው በ2023 በወጣ ሕግ ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም በጥር 2024። ከስድሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። ወገኖቼ፣ ነገሩን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱት። መኪናውን ዝቅ ያደረገው ድሀ ተቀጣ፤ ከፍ ያለውን የገዛው ባለጸጋ የግብር ቅናሽ አገኘ። ከፍታ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይህን ያስረዳኝ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ማታ ሜትር ይዤ ከቤቴ ፊት ለፊት ወጣሁ። ጋሼ ከጻፉልኝ ወረቀት ጋር አመሳከርኩት። ሞላው ከመቀየሩ በፊት ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ ከመሬት 150 ሳንቲ ሜትር፣ የኮፈኑ የፊት ጫፍ ደግሞ 105 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይል ነበር። ከዓይኔ እስከ ኮፈኑ ጫፍ አግድሙ 180 ሳንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ ከዓይኔ ተነሥቶ የኮፈኑን ጫፍ ታክኮ የሚወርደው የእይታ መስመር በ180 ሳንቲ ሜትር 45 ይወርዳል፤ ማለትም በየ4 ሳንቲ ሜትሩ 1። ከዚያ መስመር በታች ያለ ሁሉ ለእኔ የለም።

ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሕፃን ቆሞ ቢሆን፣ ቀድሞ ከመኪናዋ አፍንጫ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ አይታየኝም ነበር። አሁን ኮፈኑም ዓይኔም ሦስት ሳንቲ ሜትር ወርደዋልና የማይታየኝ እስከ 48 ነው። «ተመስገን፣ 12 ሳንቲ ሜትር አተረፍኩ» አልኩ። ቀጥሎ ግን ያን ሕፃን አስታወስኩት። እርሱ ቆሞ አልነበረም። ቁጢጥ ያለ ሕፃን ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ቀድሞ እስከ 180 ሳንቲ ሜትር ድረስ አይታየኝም ነበር፤ አሁን እስከ 168 ድረስ አይታየኝም። እርሱ የነበረው አንድ ሜትር ላይ ነው።

ሦስት ጊዜ ደግሜ አሰላሁት። ውጤቱ አልተለወጠም። ሞላውን ከዚያ ሰንበት በፊት ቀይሬው ቢሆን ኖሮ እንኳ ያን ልጅ አላየውም ነበር። እርሱን በአንድ ሜትር ላይ ለማየት የኮፈኑ ጫፍ ከ85 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ነበረበት። እኔ የገዛሁት ሦስቱን ነው። ለሞላው የከፈልኩት፣ ለአላይመንቱ የከፈልኩት፣ በኩርባው ላይ የተደሰትኩት ሁሉ የሚጠቅመው እኔን ነው፤ ልጁን አይደለም። ያን ማታ ከመኪናዋ ፊት መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ ወደ ላይ አየኋት። እዚያ ሥር ስትሆን የሚታይህ ብረት ብቻ ነው።

በዚህ አገር የመንገድ ደኅንነትን የሚያጠናው የኢንሹራንስ ድርጅቶች ተቋም በኅዳር 2023 ያወጣው ጥናት ኮፈናቸው ከ40 ኢንች፣ ማለትም ከ102 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ የሆነ መኪኖች፣ ኮፈናቸው ከ30 ኢንች ያልበለጠና ዘንበል ያለ ፊት ካላቸው መኪኖች ይልቅ የመቱትን እግረኛ የመግደል ዕድላቸው 45 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። በ2022 በአሜሪካ መንገዶች ከ7,500 በላይ እግረኞች ሞተዋል፤ ከ1981 ወዲህ ከፍተኛው ቁጥር ነው። ምክንያቱ የኮፈን ቁመት ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ፍጥነትም፣ ጨለማም፣ የመንገድ አሠራርም አለበት። ቁመቱ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው፤ የሰው እጅ ያወጣው ደግሞ በሰው እጅ ይወርዳል።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡት። «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም፤ ሊሉኝ ይችሉ ነበር። «ሞላ የሚያወርደው የተሠራውን መኪና ነው። አሠራሩን አይለውጠውም» ብቻ አሉኝ። «እንግዲያው ልሽጣት?» አልኳቸው። «ሽጣት። የሚገዛህ ሰው ደግሞ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያቆማታል» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ውድ አንባቢያን፣ ፖለቲካው ከመኪናዬ ሥር አገኘኝ ያልኩት ይህን ነው። ሹማምንቶቻችን በየመድረኩ «ዝቅ ብለን እናገለግላችኋለን» ሲሉን ስንት ዘመን ሰምተናል? አንዳንዱ እውነቱን ነው፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ስብሰባ ይጠራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አንዱን ሹም አንሥቶ ሌላውን ይተካል፣ በኩርባው ላይ መንበሩ ይረጋለታል። እርሱ ራሱ ለውጡ ስለሚሰማው የተለወጠ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር፤ ስለዚህ ውሸታም ነው ብዬ አልፈርድበትም። ከመንበሩ ፊት ቁጢጥ ብሎ የተበተነበትን የሚለቅመው ሰው ግን ይታየዋል ወይ? ይህን የሚመልሰው ሹሙ የተሰማው ስሜት ሳይሆን ሜትሩ ነው። እኛም ስንተች «ዝቅ አለ፣ አላለም» እያልን ከምንከራከር ሜትር ይዘን ብንወጣ ይሻላል። አሠራሩ የተጻፈበት ሕግ አለ፤ ሳንቲ ሜትሩ የተቆጠረበት ደንብ አለ። መለካትም መለወጥም ያለበት እርሱ ነው።

ይቻላልን? ይቻላል፤ ዋጋው ግን ጊዜ ነው። በ2002 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን አባቱ ወደ ኋላ ሲያሽከረክር ሳያየው በገዛ ቤቱ ደጃፍ ሞተ። በስሙ የተሰየመው ሕግ በ2008 ጸደቀ። አዲስ የሚሸጥ ቀላል ተሽከርካሪ ሁሉ የኋላ ማሳያ ካሜራ እንዲኖረው ግዴታ የሆነው በግንቦት 2018 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! ዛሬ ወደ ኋላ ስንሄድ የምናየው በእነዚያ ወላጆች ልቅሶና ውትወታ ነው። ወደ ፊት ላለው ዕውርነታችን ግን እንዲህ ያለ ግዴታ ገና አልመጣም። በመስከረም 2024 ያው የትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የመኪና ኮፈን የተመታ እግረኛን ጭንቅላት እንዲያድን የሚያስገድድ ረቂቅ ደንብ አቅርቧል። የሚበረታታ ነው፤ ሆኖም እርሱ የሚናገረው ከተመታ በኋላ ስለሚሆነው ነው። እኔ የምለምነው ከመመታቱ በፊት እንድናየው ነው።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። ከፊቷ ካሜራ አስገጠምኩላት። ሁልጊዜም ከማስነሣቴ በፊት ዞሬ አያታለሁ፤ በዝናብም በበረዶም። ለሰበካ ጉባኤያችን ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ከመኪና ማቆሚያው በአጥር እንዲለይ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ለወረዳዬ የኮንግረስ ተወካይም ስለ ኮፈን ቁመት ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ሒሳቡን አያይዤ። እነዚህም ሦስት ሳንቲ ሜትሮች ናቸው ብትሉኝ አልከራከራችሁም። ልዩነቱ አሁን የቀሩት 17 ሳንቲ ሜትሮች የት እንዳሉ ማወቄ ነው።

ልጁን በየሰንበቱ አየዋለሁ። ቁመት ጨምሯል። እናቱ ስታየኝ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም ከእርሷ ይልቅ ዝቅ እላለሁ።

ቸር ይግጠመን።